በአቶ ተረፈ ጓሮ ያልዘነበው ዝናብ

ሱምዬ፣ እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ? ሱቁ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ? ባለቤትሽ ፈትሁዲን ሳሉ ተሻለው? … አልሐምዱሊላህ። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ነው እንጂ። ከዶዮገና እስከ ሆሳዕና ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አምስት ሆነን፣ ጉልበቴን ከሰው ዶሮ ጋር አጣብቄ ነው የመጣሁት። መንገዱም ጭቃ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ እስኪነጋ ሲያወርደው አደረ። ይህን ግን ጮክ ብዬ አልናገርም፤ በእኛ ቀበሌ ዝናብ ዘነበ ማለት ሳያስጠይቅ አይቀርም።

አይ፣ አልቀመጥም። ወንበሩን ለዚህ ወንድማችን ስጪው፤ ከእኔ በፊት የመጣ መሰለኝ፣ ደክሞታል። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መቆም አይከብደኝም። ወረፋውን ወሰድኩበት እንዴ? … አይቸኩልም? ጎሽ። የሚታገሥ ሰው ደስ ይለኛል።

የመጣሁት ለዚህች ፋኖስ ነው። የጤና ጣቢያችን የሶላር ፋኖስ ናት። አዋላጇ ኤልሳ ናት «ቲቸር አስካለች፣ ሆሳዕና ከሄዱ ሱምያ ጋ ያሳዩልኝ» ብላ የሰጠችኝ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ትውላለች፣ ከተለኮሰች ግን ግማሽ ሰዓት አትሞላም። ክፈቺና እዪልኝ። እስከዚያ ወሬ ላጫውትሽ፤ ሱቅ ውስጥ ዝም ብሎ መቆም ያስጠላል።

ይሄ ወንድማችን ምን ፈልጎ ነው? ባትሪ? … ያንን ጥቁሩን፣ ከባዱን? እሱን ባትሪ እኔም አውቀዋለሁ። ዘንድሮ ሁለት ጊዜ በሚኒባስ ረዳት እጅ ወደ ቀበሌያችን ተልኳል። ይሄ ሦስተኛው መሆኑ ነው… አይ፣ የዚህን ወንድም ባትሪ ማለቴ አይደለም። በአገሩ ላይ ባትሪ የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ? እኔ የማወራሽ ስለ ሌላ ሰው ነው።

አንድ የቀበሌያችን ተወላጅ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ የትልቅ ሰው ስም ባትሪና አምፖል መሃል ሲጠራ ደስ አይልም። እናታቸው ጎረቤቴ ናት። ልጅ ሳሉ አንተ እላቸው ነበር፤ ውጭ አገር ደርሰው ዶክተር ሆነው ሲመለሱ እኔም አንቱ ማለት ለመድኩ። ምርምራቸው ስለ አየር ንብረትና ከወንዝ ስለሚገኝ ኃይል ነው። ዝናቡን ይለካሉ፣ ከዝናቡ ተነሥተው ወንዙ ስንት አምፖል እንደሚያበራ ያሰላሉ። እንዲህ ዓይነት ሰው ከቀበሌያችን መውጣቱ የሁላችንም ኩራት ነው። ማን እንደ እሳቸው? እኔ በበኩሌ አንድም አላየሁም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ጥር ላይ። በነጭ መኪና መጡና ጎረቤታችን አቶ ተረፈ ጓሮ ውስጥ የብረት ምሰሶ ተከሉ። አናቱ ላይ የሶላር ሰሌዳ፣ ወገቡ ላይ ነጭ ጎድጓዳ ማንቆርቆሪያ የመሰለ ነገር አለው። ዝናቡ እዚያ ገብቶ ውስጥ ያለች ማንኪያ የምታክል ሚዛን ላይ ጠብ ይላል፤ ሚዛኗ በሞላች ቁጥር ትገለበጣለች፤ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠች ሲም ካርዱ ቆጥሮ ለእሳቸው ኮምፒዩተር ይልካል። ቁጭ ብለው ቡናቸውን እየጠጡ የዶዮገናን ዝናብ ያያሉ። ካለ ባለቤቱ አይነድም እሳቱ ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ሲም ካርድ ስላላዩ ነው። አሁን ባለቤቱ ቢሮው ተቀምጦም እሳቱ ይነዳል። ማንን እንደሚያቃጥል ብቻ ነው ከዚያ ሆኖ የማይታየው።

ለምን አቶ ተረፈ ጓሮ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መኪናዋ እስከ በሩ ስለምትገባ ነው፣ ኔትወርኩም እዚያ ይሻላል። እኔማ «ትምህርት ቤቱ ግቢ ሜዳ ነው፣ ዙሪያውን የሚከልለው የለም፣ የእኔም መለኪያ እዚያው ነው» ብዬ ነበር። አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሦስት ሰዓት ቆርቆሮዬን አውጥቼ፣ ውሃውን ቁጥር ባላት ብርጭቆ ለክቼ፣ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ አላቋረጥኩም። ባለቤቴ የተቀበረ ቀን እንኳ፣ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርና፣ ለክቼ ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት። አሥራ አንድ ሚሊ ነበር።

እሳቸው ታዲያ ደብተሩን በአክብሮት አገላበጡት። ሁለት ገጽ። ከዚያ «ቲቸር፣ በሰው እጅ የተለካ ዳታ ስህተት አያጣውም» ብለው መለሱልኝ። ልክ ናቸው። የሰው እጅ ይሳሳታል። የሰው እጅ ሲያስፈልግ ቅጠልም ገለል ያደርጋል… ግን ይሄ በሳይንስ ውስጥ የሚቆጠር አይመስለኝም።

የምን ቅጠል? ወደዚያው እየመጣሁልሽ ነው።

ያን ጊዜ የአቶ ተረፈ ጓሮ አዲስ እንሰት የተተከለበት ነበር። ችግኙ እስከዚህ፣ እስከ ጉልበት ነው። መለኪያዋ ከላይዋ ሰማይ ብቻ ነበር። ፎቶ አነሡ፣ እኔም አለሁበት። አቶ ተረፈን ወረቀት አስፈረሟቸው፦ ምሰሶው አጠገብ ማንም እንዳይደርስ፣ ዙሪያውን ሣር እንኳ እንዳይታጨድ፣ ማንኛውም ነገር ባለበት እንዲቆይ። አቶ ተረፈ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ የፈረሙበትን እንደ ቃል ኪዳን ነው የሚያዩት። ባለበት አቆዩት።

እንሰት ግን ባለበት አይቆይም ሱምዬ። ያድጋል… አትሳቂ። ይህን ለማወቅ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም ልትዪኝ ነው አይደል? እንዲህ አይባልም። እሳቸው በቆጮ ያደጉ ሰው ናቸው፤ የእናታቸው ጓሮ ዛሬም በእንሰት የተሞላ ነው። ግን ሰው ብዙ ሲማር ሁሉን ነገር መያዝ አይችልም። እጅ ሁለት ነው፤ አዲሱን ለመያዝ አሮጌውን መጣል ግድ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ መለኪያዋ ላይ ደረሰ። በሦስተኛው አለበሳት። ዝናቡ ሲመጣ ቅጠሉ ላይ ይወርድና በጀርባው ተንሸራትቶ አጥሩ ሥር ይፈሳል። ከመለኪያዋ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ኩሬ አበጅቷል፤ የአቶ ተረፈ ዶሮዎች ከዚያ ነው የሚጠጡት። መለኪያዋ ግን ጉሮሮዋ ደርቆ ቆማለች። ዶሮዎቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። የአቶ ተረፈ ባለቤት ወይዘሮ ገነቴማ ቂጣ የምትጋግርበት ቅጠል አጥታ ከጎረቤት ስትለምን በዓይኔ አይቻለሁ። ጓሮዋ ሙሉ ቅጠል እያላት። «እነዚያን አትንኪ፣ የጥናት ቅጠል ናቸው» ይሏታል አቶ ተረፈ።

ታዲያ ስልክ ተደውሎላቸዋል፤ አልተደወለም እንዳትዪ። አቶ ተረፈ ደውለው «ዶክተር፣ አንዳንድ ነገር በዝቷልና መጥታችሁ ብታዩት» አሏቸው። እሳቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ «አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች?» ትላለች አሏቸው። «እንግዲያው ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ዘጉት። ጨዋነታቸው ያስቀናል። እኔም ደውዬ ነበር፤ ሦስት ጊዜ። ሁለቴ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ በሦስተኛው «ቲቸር፣ የእርስዎን ደብተር ጉዳይ ተነጋግረናል እኮ» አሉኝ።

ይሄ ወንድማችን ውሃ ስጪው እንጂ፣ ሳል ያዘው። የሆሳዕና አቧራ ነው… ለነገሩ ዛሬ አቧራ የለም።

የት ደረስኩ? ባትሪው ጋ። ቅጠሉ መለኪያዋን አልብሶ አልቆመም፤ ወደ ላይ ወጥቶ የሶላሩን ሰሌዳም ጋረደው። ፀሐይ ያላገኘ ሶላር ምን እንደሚሆን ላንቺ አልነግርሽም፤ የዕለት እንጀራሽ ነው። መብራቷ ጠፋች፣ ዳታው ቀረ። ያኔ ደነገጡ። ዝናቡ ሲቀርባቸው አልደነገጡም፣ ዳታው ሲቀር ነው የደነገጡት። ምርመራ አደረጉ። በስልክ። ጥፋቱ የባትሪው ነው ተባለ። አዲስ ተላከ፣ አቶ ተረፈ ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አያያዙት፤ ለጥቂት ሳምንት ሠራና ሞተ። ሁለተኛ ተላከ፣ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳልሰማ ብቀር ይሻለኝ ነበር። ዞን ላይ በተደረገ ስብሰባ፣ ሰው ፊት፣ «የሆሳዕና ነጋዴ የሚሸጥልን ባትሪ ጥራት የለውም፣ ምርምሩን እየጎዳው ነው» አሉ። አትቆጪ ሱምዬ። ስምሽን አልጠሩም፤ ስም የማይጠራ ሰው ደግ ነው። ደግሞ አስቢው፣ አንቺ ባትሪ ሻጭ ነሽ፣ ጥፋተኛ መሆን ትችያለሽ። እንሰቱም ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። እኔም፣ አቶ ተረፈም። ጥፋተኛ መሆን የማይችል ሰው ከመሃላችን አንድ ብቻ ነው። እሱንም ለማግኘት ስንት ዓመት አስተምረን።

እስቲ እዪው፣ ሽቦው ነው ወይስ ሌላ? … ሽቦው ከሆነ በይጂው። እኔ አለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ይሄ ሁሉ ቢሆንም ጥናቱ ተጻፈ። እንዴት ያለ ጥናት መሰለሽ፣ ባለ ሥዕል ነው። «በአካባቢው የዝናብ መጠን በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሲሶው ወርዷል» ይላል። የወንዙም ውሃ በዚያው ልክ ተሰላ። ለምን ወንዙን ሄደው አላዩትም ትዪኝ ይሆናል። ሊያዩት ነበር፤ ወደ ወንዙ የሚያወርደው መንገድ ጭቃ ሆኖ መኪናዋ አልሄድ አለች። ጭቃው ከምን እንደመጣ እንጃ። ድርቅ ተብሎ በተጻፈብን ክረምት ደግሞ ጎርፍ ድልድያችንን ነቅሎ ወሰደው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጎርፍ ወስዶት ሳለ «ጠምቶታል» ተብሎ የተጻፈለት ግን ከእኛ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ጥናቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ቢቀር ምን ነበረበት? ግን ወንዛችን ላይ ትንሽ ተርባይን ሊተከልልን ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ለጤና ጣቢያው፣ ለትምህርት ቤቱ፣ ለወፍጮው የሚበቃ። ቱቦው መጥቶ ጤና ጣቢያው ግቢ ከተቆለለ ስምንት ወር ሆኖታል። ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰን፦ ጥናቱ ውሃው አይበቃም ስላለ ቱቦው ተጭኖ ወደ ሌላ ወረዳ ይሂድ ነው የሚለው። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ እዚሁ ከተማ ጥናቱ ቀርቦ ይፈረማል። ነገ መኪናው ይመጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ የምፈራው ወረቀቱን ነው… ሞኝ እማ ከእኛ ቀበሌ አይወጣም።

ያቺን ፋኖስ የሚመለከት ነገር ነው፣ ስለዚህ ይህንንም ስሚ። ሊሻንን ታውቂያታለሽ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ቅቤ ይዛ የምትመጣውን። ባለፈው ወር መንታ ወለደች። ፋኖሷ ቀጥ አለች፤ ኤልሳ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ ነው ያዋለደቻት። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ሊሻን ግን እየደማች ነበር። ስንት እንደደማች ማንም አላየም። ወለሉን ያየነው ሲነጋ ነው። በወሳንሳ እስከ መንገድ ተሸክመን፣ ከዚያ በመኪና እዚህ አመጣናት። ተርፋለች፤ እስካሁን ግን ግድግዳ ሳትይዝ አትቆምም። እኔ ወለሉን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ነኝ። አልዋሽሽም ሱምዬ፣ ያን ቀን ተናደድኩ፣ ዛሬም ንዴቱ አልለቀቀኝም። እዚያው ግቢ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ቱቦው ተቆልሎ ይታየኛል።

የተማረ ይግደለኝ ይሉ ነበር አባቴ። ደጋግመው ነበር የሚሉት፣ የተማረ ሰው ሳያዩ አረፉ። ቢቆዩ ኖሮ ምኞታቸው እንደማይቀር ያዩ ነበር።

እና ዛሬ እሳቸው ስብሰባው ላይ ይገኛሉ፣ የሚያቀርቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አንዲት ቃል ከተናገሩ ይበቃል። «መለኪያዬ እንሰት ሥር ነው የቆመችው፣ ቁጥሩን አትመኑት» ቢሉ ማንም አይገድላቸውም። ግን እንዴት ይላሉ? ፔፐሩ ታትሟል። በወር ውስጥ ደግሞ ውጭ አገር ሄደው በትልቅ ኮንፈረንስ ላይ ያቀርቡታል፤ ቲኬቱ ተቆርጧል። የእኛ ድርቅ አውሮፕላን ሊሳፈር ነው። የእኛ ዝናብ ሚኒባስ እንኳ አላገኘም፤ ይኸው በፌስታል ይዤው መጣሁ።

አዎ፣ ደብተሮቹ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ስብሰባው በር ላይ ሄጄ ነበር፣ ባጅ የሌለው አይገባም አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉ ሰው እየገባ ዝናብ ዘነበ ካለ ሥርዓት አይኖርም። ይህን የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት እዚህ መስታወቱ ላይ ልተውልሽ። እያንዳንዱ ክረምት ላይ ወረቀት አጥፌበታለሁ፣ ለማንም ግልጽ ነው። ከአቶ ተረፈ ጓሮ የተነሡ ፎቶዎችም በመሃሉ አሉ፤ ቅጠሉ በደንብ ይታያል። አንሥቶ የሚያይ ሰው ካለ አትከልክዪው። ወደ ስብሰባው የሚሄድ ሰው ቢወስደው እንኳ አልቀየምም… አሁን አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ እስከ ስምንት ብዙ ጊዜ አለ።

ተሠራች? … እንዴት ታበራለች ደግሞ። እጅሽ ይባረክ። አሁን ግን ስንት ሰዓት ትቆያለች? … አንድ ሰዓት። አንድ ሰዓትም ቀላል አይደለም። ኤልሳ ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ በዚህ ወር የሚወልዱ ሦስት ሴቶች አሉባት።

ሦስተኛዋ ማን እንደሆነች ሳልነግርሽ። ቅድም ስለ ዶክተሩ እናት ነግሬሽ የለ? ትናንት አጥር ላይ ጠራችኝና፣ በደስታ አፏ ሊዘጋ አልቻለም። ልጇ ኮንፈረንስ ሲሄድ ሚስቱ ብቻዋን ከምትሆን፣ እናቷም በሕይወት ስለሌሉ፣ «እኔ ጋ መጥታ ትውለድ» አለች። እሳቸውም እሺ ብለው ቅዳሜ አምጥተዋታል። የመጀመሪያዋ ነው። ቡላው ተዘጋጅቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ አሮጊቷ በቀን ሦስት ጊዜ የምራቷን ሆድ ትዳስሳለች። ልጅቷን አየኋት፤ ገና ናት፣ ዓይናፋር፣ እግሯ አብጧል። ለምርመራ ወደ ኤልሳ ሄዳ ነበር። ጤና ጣቢያው ንጹሕ ነው ብላ ወደደችው።

ይሄ ወንድማችን ምን ሆነ? ተቀመጥ በይው… ባትሪውን ተይለት፣ የሚፈልገው አልመሰለኝም።

እኔ ልሂድ፣ ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ። ሱምዬ፣ አንቺም እናት ነሽ፣ አብረሽኝ አሜን በይ። እሳቸው ኮንፈረንሳቸውን በሰላም ውለው ይግቡ፣ በጭብጨባ ይሸኙ። ለዚያች ልጅም እግዚአብሔር ምጧን በጠዋት ያምጣላት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም የበኩር ልጇን አስታቅፎ፣ እሷንም ልጇንም ጤና አድርጎ ለዶክተራችን ያቆይላቸው።